መልስ፦ ሊስቴሪያ 30 ዲግሪ ላይ፣ ኤምአርኤንኤው አለ ፕሮቲኑ የለም

ስራሽ አልተበላሸም። በሽታ አምጪዋን ባክቴሪያ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስን 30 ዲግሪ ላይ አሳድገሽ ፒአርኤፍኤ የተባለው ፕሮቲን ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሰራበት የጂን ቅጂ) አርኤንኤን በሚለየው በአርቲ-ፒሲአር ከታየሽ፣ ፕሮቲንን በሚለየው በዌስተርን ብሎት ግን ፕሮቲኑ ከጠፋብሽ፣ ባክቴሪያዋ የምታደርገው ልክ ይሄንኑ ነው።

ኤምአርኤንኤው መነሻ ላይ ወደ ፕሮቲን የማይተረጎም፣ ከ100 ፊደል በላይ የሆነ ክፍል አለ። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ይሄ ክፍል በራሱ ላይ ታጥፎ ፕሮቲን የሚሰራው ራይቦዞም የሚያርፍበትን ቦታ ይሸፍነዋል። 37 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ሰው ሰውነት ውስጥ ስትገባ፣ እጥፋቱ ይላላና ፕሮቲኑ መሰራት ይጀምራል፤ ከዚያ ፒአርኤፍኤ በሽታ የሚያመጡትን ጂኖች ያስነሳል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የተመራማሪው ዮሃንሰንና የባልደረቦቹ ስራ ያሳየው ይሄንን ነው። በጣም ደስ የሚለኝ ደግሞ እጥፋቱን በሚውቴሽን ሲያላሉት ጂኖቹ 30 ላይም መነሳታቸው ነው።

ስለዚህ ያንኑ ባክቴሪያ 37 ላይም አሳድጊና ሁለቱን ናሙና ዌስተርን ብሎቱ ላይ ጎን ለጎን ጫኚ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ሚዲያውን (ባክቴሪያዋ የምታድግበትን ፈሳሽ) ቀድመሽ አሙቂው። እኔ ከፍሪጅ ያወጣሁትን አንድ ሊትር ጠርሙስ በቀጥታ ኢንኩቤተር ከትቼ፣ ማሳያው 37 ስላለ አምኜው፣ ብሎቱ ላይ ፕሮቲኑን የሚያሳየው መስመር (ባንዱ) እንደ ጥላ ደብዝዞ ሲወጣብኝ ሳምንት ሙሉ ፕሮቲኑን የሚይዘውን አንቲቦዲ ስጠራጠር ከረምኩ። በኋላ እንደዚያው አድርጌ ጠርሙሱ ውስጥ ቴርሞሜትር ብከት ከሰዓታት በኋላም ገና 29 ነበር።