«የክሩ ሰዓት አልቋል» ተብዬ አደርኩ፤ ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ፤ ሱቄ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ባለፈው ወር ዕቃ ለማየት ወደ ፍራንክፈርት የደርሶ መልስ ቲኬት ቆረጥኩ። አየር መንገዱ የአውሮፓ ነው። በረራው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር። መጀመሪያ «ትንሽ የቴክኒክ ችግር አለ፣ ታገሱን» አሉን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ «የክሩ (የአብራሪዎቹና የበረራ አስተናጋጆቹ ቡድን) የሥራ ሰዓት አልቋል፣ ነገ ተመለሱ» ብለው በተኑን። የተነሳነው በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የአንድ ሌሊት ሆቴልና ለአስተርጓሚ አስቀድሜ የከፈልኩት ገንዘብ ተቃጠለብኝ። ከአቅራቢ ጋር የነበረኝ ቀጠሮም አመለጠኝ፤ ብንስማማ ጥሩ አተርፍበት ነበር። ስጠይቃቸው «የደህንነት ሕግ ነው፣ ከአቅማችን በላይ ነው» አሉኝ። የ200 ዩሮ ቫውቸርና የሚፈረም ወረቀትም ሰጡኝ፤ አልፈረምኩም። ጓደኞቼ ደግሞ «ቲኬቱን የሸጠልህን ወኪል ክሰስ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳንም አልፈረሙ። የነገሩዎት ነገር ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩዎት።

እውነት ከሆነው ልጀምር። አብራሪና የበረራ አስተናጋጅ በአንድ ፈረቃ ሊሠሩ የሚችሉት ሰዓት በሕግ የተገደበ ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረውም አውሮፕላኑ ሲነሳ ሳይሆን ክሩ ለሥራ ሪፖርት ሲያደርግ ነው። በአውሮፓ ደንብ ሁለት አብራሪዎች ብቻ ያሉት ቡድን ምሽት ላይ ሥራ ከገባ መደበኛ ገደቡ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። አሁን የእርስዎን ሌሊት እንቁጠር። ክሩ ከመነሻው አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ገብቷል። ሦስት ሰዓት ተኩል በር ላይ ጠብቋል። እስከ ፍራንክፈርት ደግሞ ሰባት ሰዓት ያህል ይበረራል። ድምሩ ከ11 አለፈ። ካፒቴኑ ያልታሰበ ነገር ሲገጥም እስከ ሁለት ሰዓት ሊያራዝም ይችላል፤ ግን ውሳኔው የእሱ የራሱ ነው። ቡድኑ ደክሟል ብሎ ካመነ አየር መንገዱ ሊያስገድደው አይችልም።

ይህ ገደብ በደም የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ አቅራቢያ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። በምርመራው የአብራሪዎቹ ድካም ተነሳ፤ የሟች ቤተሰቦችም ዝም አላሉም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የአብራሪዎች የሥራና የዕረፍት ሰዓት ደንብ ተለወጠ። ስለዚህ ቦሌ ላይ በክሩ የሚጮህ ተሳፋሪ ሳይ በጣም አዝናለሁ። እነሱ ትክክለኛውን ሥራ ነው የሠሩት። የእርስዎ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለድርጅቱ ነው።

ያልነገሩዎት ግማሽ ደግሞ ይኸው። የክሩ ሰዓት በራሱ አያልቅም፤ የሚበላው ነገር አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ምን በላው ብሎ ነው። በእርስዎ ጉዳይ የበላው የቴክኒክ ችግር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠው ፍርድ የተለመደ የቴክኒክ ብልሽት የአየር መንገድ የዕለት ተዕለት ሥራ አካል ነው፣ ከካሳ አያስመልጥም ብሏል። የተደበቀ የፋብሪካ ጉድለት ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጉዳት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያንን ማስረዳት ያለበት ግን አየር መንገዱ ነው።

ለእርስዎ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የወሰነው ነው። ከኮፐንሃገን ወደ ሪጋ የሚሄድ በረራ የአየር ክልል በመዘጋቱ ቆመ። ክልሉ ሲከፈት የክሩ ሰዓት አልቆ ነበር፤ በረራው ተሰረዘ። የክልሉ መዘጋት የአየር መንገዱ ጥፋት አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን አየር መንገድ ገና ፕሮግራም ሲያወጣ መዘግየት ሊኖር እንደሚችል አስቦ የተወሰነ ትርፍ ጊዜ መያዝ አለበት አለ። ሰዓቱን ጫፍ ድረስ ወጥሮ «አለቀብኝ» ማለት ብቻውን ውሃ አያነሳም ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ከአውሮፓ የሚነሳን ማንኛውንም በረራ ይሸፍናል። ከውጭ ወደ አውሮፓ የሚገባውን ግን የሚሸፍነው አየር መንገዱ የአውሮፓ ሲሆን ብቻ ነው። የእርስዎ ጉዞ እዚህ ውስጥ ይገባል። ርቀቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዘገዩትም ከአራት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት 600 ዩሮ ነው። ይህን ለማግኘት ደረሰኝ ማቅረብ ወይም ኪሳራ ማስረዳት አያስፈልግም። ካሳው በቫውቸር የሚተካውም እርስዎ በጽሑፍ ከተስማሙ ብቻ ነው። ያ ወረቀት የቀረበልዎት ለዚህ ነው፤ 600 ዩሮ በ200 ሊለወጥብዎት ነበር። (አውሮፓዊ ባልሆነ አየር መንገድ የምትበሩ አንባቢዎች፣ ይህ ደንብ ከቦሌ ስትነሱ አይሸፍናችሁም፤ ከፍራንክፈርት ስትመለሱ ግን ይሸፍናችኋል። ብዙ ሰው አያውቀውም።)

ሆቴሉና አስተርጓሚውስ? ለእነሱ ያለው የሞንትሪያል ስምምነት የሚባለው ስለ አየር መንገዶች ኃላፊነት የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በአንቀጽ 19 መሠረት አየር መንገዱ በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ነፃ የሚወጣው ጉዳቱን ለማስቀረት የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ወይም ማድረግ የማይቻል እንደነበር ካስረዳ ነው። ጣሪያው ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ተሳፋሪ 6,303 ኤስዲአር ሆኗል፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ነው። እዚህ ግን ጉዳቱን በደረሰኝ ማሳየት አለብዎት። ደግሞም 600 ዩሮው ከዚህ ካሳ ላይ ሊቀነስ ይችላል። የሆቴሉና የአስተርጓሚው ድምር ከ600 ዩሮ ካላለፈ በ600ው ላይ ብቻ ያተኩሩ፤ ሁለተኛውን መንገድ መጀመር ድካም ብቻ ነው የሚሆንብዎት።

ያመለጠዎት ትርፍ ያንገበግባል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ያልተፈረመ ውል ላይ የተመሠረተ ትርፍ ጠይቀው ያገኛሉ ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልፈልግም። ስምምነቱ ያለቀ እንደነበር የሚያሳይ የኢሜይል ልውውጥ ከሌለ ይተዉት።

ከሁሉ በላይ ቀኑን ይጠብቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የውል ክስ ይርጋ (ክሱ መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ) በመርህ ደረጃ አስር ዓመት ነው፤ ሰውም ይህን ሰምቶ ይዘናጋል። በሞንትሪያል ስምምነት ግን መብቱ በሁለት ዓመት ይጠፋል። የሚቆጠረውም መድረሻዎ ከደረሱበት ወይም መድረስ ከነበረብዎት ቀን ነው። ክሱን ለማቅረብ ጀርመን መሄድ አይጠበቅብዎትም። ቲኬቱ የደርሶ መልስ ስለሆነ በስምምነቱ ዓይን የመጨረሻ መድረሻዎ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ባለ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላሉ። የ600 ዩሮው ግን የአውሮፓ ሕግ ስለሆነ ልደታ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ በቀጥታ ለአየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤት ቢጽፉ ይሻላል። እምቢ ካሉ በጀርመን ከፍርድ ቤት ውጭ የተሳፋሪዎችን ቅሬታ የሚሸመግል አካል አለ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ መድረስ የነበረብዎት ሰዓትና የደረሱበት ሰዓት ይጻፉ። የደረሱበት የሚባለው ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «መጀመሪያ በረራውን ያዘገየው ችግር ምን እንደነበርና ተተኪ ክር ለምን እንዳልተገኘ በጽሑፍ ግለጹልኝ።» ከቦርዲንግ ፓሱና ከላኩልዎት የስልክ መልእክት ኮፒ ጋር በኢሜይል ይላኩት። ቦርዲንግ ፓሱን ራሱን ለማንም አይስጡ።

ወኪሉን አይክሰሱ። ቲኬት ሸጠ እንጂ አውሮፕላኑን አላዘገየም። ይልቅ ከእሱ ዘንድ የክፍያ ደረሰኝዎንና የቡኪንግ ማረጋገጫውን ይውሰዱ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ውሉ አዲስ አበባ ላይ መደረጉን የሚያሳዩልዎት እነዚያ ወረቀቶች ናቸው።