ቢራቢሮ ልትቆጥሩ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣

በፈቃደኝነት ቢራቢሮ መቁጠር እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ደስ ብሎኛል። ጓደኞቻችሁ እንደሚስቁባችሁም አውቃለሁ። ይሳቁ፣ ችግር የለውም።

እኔ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። ጎጃም ውስጥ ስዞር የኖርኩት ነፍሳት ስቆጥር ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች በቆሎ ውስጥ ሲገባ፣ ቅጠል እየገለጥን ትል ስንቆጥር ነበር የምንውለው። ቆጠራው ለመግደል ነው። ይረጭ ወይስ ይቆይ የሚባለው ከቁጥሩ በኋላ ነው። ሳልገድል መቁጠር የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው።

ዘዴው ከባድ አይደለም። ኧርነስት ፖላርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ያወጣው። አንድ መንገድ ትመርጣላችሁ። ሁልጊዜ ያንኑ መንገድ በአንድ ዓይነት እርምጃ ትሄዳላችሁ። ከግራም ከቀኝም ሁለት ሜትር ተኩል፣ ከፊት አምስት ሜትር። በዚህ ውስጥ የታየችውን ብቻ ትጽፋላችሁ። ከዚያ አልፋ የምታምር ብትበር ማየት ነው እንጂ መመዝገብ የለም። እንግሊዞች በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአገር ደረጃ ይቆጥራሉ። ከቆጣሪው አብዛኛው ደመወዝ የሌለው ፈቃደኛ ነው።

ምን ጠቀማቸው ካላችሁ፣ የአሜሪካውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት የ35 ቆጠራ ፕሮግራሞችን መዝገብ አንድ ላይ ደመረ። 12.6 ሚሊዮን ቢራቢሮ ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2020 ድረስ ብዛታቸው በ22 በመቶ መቀነሱ የታወቀው ከዚያ ነው። እዚያም ብዙ ሥራ የሠሩት ፈቃደኞች ናቸው። እኛም «ድሮ ቢራቢሮ ይበዛ ነበር» እንላለን። ስንት ነበር? ሲባል ግን መልስ የለንም፤ የቆጠረ ሰው አልነበረማ።

ቦታ ስትመርጡ ሩቅ አትመኙ። ዘጌ የምትኖሩ ቡናውና ሎሚው ደጃችሁ ነው። ፋግታ ለኮማ ያላችሁ ደግሞ አንዱን መንገድ ለከሰል በተተከለው ደከረንስ በሚባለው ዛፍ ውስጥ፣ ሌላውን በቤተ ክርስቲያኑ ደን ዳር አድርጉት። ሁለቱን ማወዳደር ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ደከረንሱ ውስጥ ምንም ላይገኝ ይችላል ብላችሁ አትዝለሉት። ጊዜው እንደ ልብ የማያስወጣ ከሆነ ደግሞ ግቢያችሁን ቁጠሩ። በቢራቢሮ ምክንያት ማንም ችግር ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ እዚያ ቆም በሉ። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የምትመስል ነገር ታያላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ አባጨጓሬ ናት። ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። በቀጭን እንጨት ቀስ ብላችሁ ብትነኳት ከራሷ ኋላ መንታ የሆነ ብርቱካናማ ቀንድ ታወጣለች፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታም አለው። ጠላት ማባረሪያዋ ነው። ኋላ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ቢራቢሮ ትሆናለች። በሥራ ዘመኔ ቢሆን ይቺን አባጨጓሬ ተባይ ብዬ ነበር የምጽፋት። የሎሚው ባለቤትም ደስ አይለውም፣ እውነቱን ነው። እናንተ ስለ ቢራቢሮ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ስታወሩ እሱ ቅጠሉን ያያል፤ ስለዚህ አክብራችሁ አናግሩት።

በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ጦቢያው ላይ ፈልጉ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ነው። በዚህ ተክልና በዘመዶቹ ላይ የምታድገው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ከተክሉ መርዝ ስለምትወስድ ወፎች ይሸሿታል። እየተንቀራፈፈች ነው የምትበር፤ ማን ይነካኛል ብላ ይሆናል። ደጋ ላይ ደግሞ ኮሸሽላ አበባ ሲያወጣ እዩ። ኮሸሽላ ከሚወዱት አንዷ ሰሃራን አቋርጣ ከአውሮፓ የምትመጣ ዝርያ ናት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እንግሊዞች ከረፋዱ 4፡45 እስከ ከሰዓት 9፡45 ባለው ነው የሚወጡት። ለእኛም ይሆናል፣ ጮቄ አካባቢ ላላችሁ ግን ብርዱ ለቆ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቁ። ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ቀን አትልፉ። መስከረም ላይ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ ማንም ይቆጥራል። የምፈልጋችሁ መጋቢት ላይ፣ አቧራው ሲጨስና አንዲት ነጭ ብቻ ውር ስትል ነው።

አሁን ዋናውን ልናገር። በሥራ ዘመኔ አንድ መሥሪያ ቤት የተከለው ችግኝ በሙሉ ጸደቀ ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብ አይቻለሁ። ቦታው ድረስ ስንሄድ የጸደቀው ሪፖርቱ ብቻ ነበር። ኮታ ያለበት ሰው ቁጥር ያሳምራል። እኔ የምፈርደው በሰውየው ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለው «ለምን አነሰ?» ብሎ ያፈጥጥበታል። እናንተን ግን ማንም ኮታ አልሰጣችሁም። አለቃ የላችሁም፣ አበል የላችሁም። ይሄ ዕድል በሕይወታችሁ ብዙ ጊዜ አይገጥማችሁም፤ ተጠቀሙበት። ምንም ካላያችሁ ዜሮ ጻፉ። ባዶ አትተዉት፣ ባዶ ማለት አልሄድንም ማለት ነው። ዝርያዋን ካላወቃችሁ «ትንሽ፣ ነጭ» ብላችሁ እለፉ። ጓደኛችሁ ብዙ አየሁ ሲል የእናንተን ከፍ አታድርጉት። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አይናቹራሊስት በሚባለው፣ ሰዎች ያዩትን ፍጥረት በሚያጋሩበት መተግበሪያ ላይ ብትጭኑት ከሌላ አገር ያለ አዋቂ ስሟን ሊነግራችሁ ይችላል። ኔትወርክ ከሌለ ቤት ስትገቡ ይደርሳል።

ሰው ማስፈቀድ አትርሱ። ደብተር ይዞ በማሳ ዳር የሚመላለስ ወጣት ገበሬን ያሳስበዋል።

«አንተ ልጅ፣ መሬት ልትለካ ነው?»

«አይደለም አባባ፣ ቢራቢሮ እየቆጠርኩ ነው።»

«ምን?»

ይስቃሉ፣ ከዚያ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ «እሷማ ወንዙ ዳር ነው የምትበዛ» ብለው የማታውቁትን ይነግሯችኋል። የነገሯችሁን በሌላ ገጽ ጻፉት፤ ከቆጠራው ጋር አትቀላቅሉት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ ቄሰ ገበዙን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ በቅዳሴ ሰዓት አትዙሩ።

ከገጹ ራስ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደመናውን፣ ነፋሱን፣ የቆጠረውን ሰው ስም አስፍሩ። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊለቅ ይችላል። ማታ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ ሰው ላኩት፣ ደብተር ይጠፋል።