የዲኤንኤ ኮምፒዩተር ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን «የዛሬዎቹ ቺፖች ዳር እየደረሱ ነው፤ ተተኪው በዲኤንኤ የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው» አሉን። አንድ ጠብታ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ሞለኪውል ባንዴ የሚያሰላ ከሆነ፣ የማይፈታው ጥያቄ ይኖራል? ሐሳቤ ኮምፒዩተር ሳይንስ መግባት ነበር፤ አሁን ግን ባዮቴክኖሎጂ ይሻለኝ ይሆን እያልኩ ነው። (ሰ. መ.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይኖራል፣ ያውም ብዙ። መምህርህ ግን ነገሩን ከሜዳ አላመጡትም።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለስ፣ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሊዮናርድ አድልማን (አርኤስኤ በሚባለው የምስጢር መቆለፊያ ስም ውስጥ «ኤ» እሱ ነው) ሰባት ከተሞችንና 14 ባለ አንድ አቅጣጫ መንገዶችን ወሰደ። ጥያቄው፦ ከመጀመሪያዋ ተነስቶ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ መጨረሻዋ የሚያደርስ ጉዞ አለ? ለየከተማው ባለ 20 ፊደል የዲኤንኤ ክር ሰጠ። የመንገዱ ክር ደግሞ ግማሹ ከመነሻው፣ ግማሹ ከመድረሻው ከተማ ጋር የሚገጥም ነው። አንድ ቱቦ ውስጥ ሲቀላቀሉ ክሮቹ እየተፈላለጉ ተያያዙ፤ ጉዞዎቹ ሁሉ፣ ትክክሉም ስህተቱም፣ ባንድ ላይ ተሠሩ።

ትክክለኛውን መልቀም ግን 7 ቀን ፈጀ። መነሻና መድረሻቸው ልክ የሆኑትን በኮሮና ጊዜ ስሙን በለመድነው ፒሲአር ማብዛት፣ በርዝመት በጄል (ናሙና የሚጨመርባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት ዝልግልግ ንጣፍ ነው) መለየት፣ ከዚያ በማግኔት ቅንጣት ከተማ በከተማ እያጠመዱ ማጣራት። ላብራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት የጄል ነገር አሳሩን አብልቶኛል፤ የፒፔቱ ጫፍ የጉድጓዱን ወለል ከወጋ ሰማያዊው ናሙና ከሥር ሾልኮ ይሄዳል፣ የጧቱ ሥራም አብሮት። ያንን ባለ ሰባት ከተማ ጥያቄ አንተ በእርሳስ ሻይህ ሳይበርድ ትፈታዋለህ።

አሁን ወረቀት ያዝ። «አዎ» ወይም «አይ» የሚባሉ 60 ነገሮች አሉ እንበል፤ ስብጥሩን ሁሉ መሞከር ፈለግህ። ለእያንዳንዱ 20 ፊደል ብትመድብና ከየስብጥሩ አንድ ቅጂ ብቻ ብትሠራ፣ ጠቅላላው 1 ግራም አይሞላም። ደስ ይላል። 70 ሲሆኑ ወደ 900 ግራም ይጠጋል። 80 ሲሆኑ 10 ኩንታል። 100 ላይ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ። ዩሪስ ሃርትማኒስ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ በ1995 የአድልማንን ዘዴ ለ200 ከተማ እንጠቀም ቢባል የሚያስፈልገው ዲኤንኤ ከምድር እንደሚከብድ አስልቶ አሳይቷል። ጊዜ የቆጠብነው ክብደት ከፍለን ነው፤ ሒሳቡ አልተሰረዘም። አድልማንና ባልደረቦቹ በ2002 «አዎ» ወይም «አይ» የሚባሉ 20 ነገሮች ያሉበትን ጥያቄ ፈትተዋል፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ አማራጭ ውስጥ አንዱን ነቅሰው። ለእጅ ሥራ ትልቅ ነው፤ ስልክህ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ይጨርሰዋል።

ስህተትም አለ። እያንዳንዱ የማጣራት እርምጃ ከትክክለኞቹ ክሮች 99 በመቶውን ሳይጥል ይዞ ቢያልፍ እንኳ፣ ከ100 እርምጃ በኋላ የሚተርፍህ 37 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ከየስብጥሩ አንድ ቅጂ የማይበቃው፤ የላይኛው ክብደት እንደገና ይባዛል ማለት ነው።

በጉልበት በኩል ግን አድናቆቴን አልደብቅም። አድልማን ራሱ እንደገመተው በ1 ጁል ኃይል 2 ጽፈህ 19 ዜሮ ብታስከትል የምታገኘውን ቁጥር የሚያህል የክር ማያያዝ ይቻላል፤ የፊዚክስ ሕግ የሚፈቅደው ጣሪያ 34 ተጽፎ 19 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው። የትኛውም ቺፕ ወደዚያ አልተጠጋም።

ከዚህ ሁሉ ሌላ፣ ጊዜም ክብደትም የማይፈታቸው ጥያቄዎች አሉ። የትኛውም ፕሮግራም ቢሰጠው «ይህ ይቆማል፣ ይህ ለዘላለም ይዞራል» ብሎ ሳይሳሳት የሚፈርድ ዘዴ እንደሌለ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1936 አረጋግጧል። ቱቦው ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ ተራ ኮምፒዩተር፣ ቢዘገይም፣ ሊያደርገው ስለሚችል ይህ ክልከላ ዲኤንኤንም ይይዛል።

ስለ ትምህርቱ፦ ዲኤንኤ ለስሌት ሳይሆን ለመረጃ ማከማቻ ነው ተስፋ የሚጣልበት። የሃርቫርዱ ጆርጅ ቸርች ቡድን በ2012 አንድ ሙሉ መጽሐፍ በዲኤንኤ ጽፎ መልሶ አንብቧል። ያ የሚስብህ ከሆነ ባዮቴክኖሎጂ ግባ፤ ፕሮግራም መጻፉን ግን እንዳትተው፣ ከተነበበው ክር ውስጥ ስህተቱን የሚለቅመው እሱ ነው። የሚስብህ «ምን ሊሰላ ይችላል?» የሚለው ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ሐሳብህን አትቀይር፣ ሒሳብ ጨምርበት።