«መግሉ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም ተባልን»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ ገበሬ ናቸው፣ 58 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እርሻ ላይ እግራቸውን እሾህ ወጋቸው። ቦታው ቀስ እያለ አበጠ። ብዙም አያማቸውም፤ ግን እዚህም እዚያም እየተበሳ መግል ይወጣዋል። ከመግሉ ጋር ኑግ የመሰለ ጥቁር ነገር ይወርዳል። አንቲባዮቲክ ደጋግመው ወስደው አልዳኑም። በቅርቡ መግሉ ተመርምሮ «ምንም አላደገም» የሚል ወረቀት ተሰጠን። ሌላ ሐኪም ደግሞ «ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ከሥጋው ተቆርጦ ይመርመር» አሉ። አባቴ «እግሬን ሊቆርጡት ነው» ብለው እምቢ አሉ። የመጀመሪያው ውጤት ስህተት ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ስህተት አይደለም፤ የተፈለገው ሌላ ነው። መግል በጥጥ ተጠርጎ ላብራቶሪ ሲላክ በተለምዶ የሚፈለገው ባክቴሪያ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይታያል፣ ካልበቀለ የማብቀያው ሳህን ይጣላል። ፈንገስ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። ወረቀቱ ላይ «ፈንገስ ይታይ» ብሎ የጻፈ ከሌለ ላብራቶሪው ያን ያህል የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። እዚህ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእኛ የሐኪሞቹ ነው።

እኔን ያሳሰበችኝ ግን ያቺ ኑግ የምትመስለው ነገር ናት። እሾህ፣ የማያም እብጠት፣ የተበሳሳ ቆዳ፣ ከዚያ ቅንጣት። ይህ ማይሴቶማ የሚባለውን በሽታ ያስጠረጥራል። በሕንዷ ማዱራይ ከተማ ስም «ማዱራ እግር» የሚሉትም አሉ። በባዶ እግሩ የሚያርሰውን ሰው ይወዳል። ቅንጣቷ ተሕዋስያኑ ተጠቅጥቀው የተከማቹባት ናት። ጥቁር ከሆነች ፈንገስ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ ከሆነች ባክቴሪያ ነው። ነጭና ቢጫ ከሁለቱም ሊሆን ስለሚችል በዓይን አይፈረድም። ባክቴሪያ ከሆነ እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያለ አንቲባዮቲክ ለወራት ይወሰዳል። ፈንገስ ከሆነ ደግሞ እንደ ኢትራኮናዞል ያለ መድኃኒት ለዓመትና ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከቀዶ ሕክምና ጋር። አንቲባዮቲኩ ያልሠራላቸው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ቅንጣቷ መስታወት ላይ ትጨፈለቅና የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይደረግባታል። የፈንገሱ ክሮች ካሉ በዚያው ቀን በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ዓይነቱን ለመለየት ግን ሥጋ ያስፈልጋል፤ ወደ ላይ የወጣችው ቅንጣት ብዙ ጊዜ የሞተች ናትና። ቦታው ደንዝዞ ከውስጥ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። አባትዎን «የሽምብራ ፍሬ ታህል ናት» ይበሏቸው።

አንድ ነገር ግን በጆሮዎ ልንገርዎት። ቁራጩ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ምርመራ፣ ሌላው ንጹሕ የጨው ውሃ ውስጥ ለካልቸር፣ ማለትም ተሕዋሱ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ለሚደረግበት ምርመራ። ፎርማሊን ፈንገሱን ይገድለዋል። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ የመጣ ናሙና አይቼ አንጀቴ እርር ብሏል፤ ከበሽተኛው እንደገና ቁራጭ ሥጋ መወሰድ ነበረበት። እናም ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ከመሄዱ በፊት «ለካልቸር የሚሆነው የቱ ጠርሙስ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ማንም አይቆጣዎትም።

የእግር ራጅም ይነሱ፤ በሽታው አጥንት ጋ ደርሶ እንደሆነ ይታያል። እግር ወደ መቁረጥ የሚያደርሰው እሱ ነው እንጂ ሽምብራዋ አይደለችም። የተቀቧቸውንና የዋጧቸውን መድኃኒቶች፣ የባህል መድኃኒትም ካለ፣ ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። ደሴ አጠገብ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አላቸው። እስከዚያ ቁስሉን እየጨመቁ ቅንጣት አያውጡ፤ ራሷ ከወረደች ግን በንጹሕ ጋዝ ይዘዋት ይሂዱ።