ወተት አፍልተን የማናስወግደው ምንድን ነው?

የዚህ ወር ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ወተት ናቸው፤ ከገዢም፣ ከአርቢም፣ ከወተት ሰብሳቢም መጥተዋል። ብዙዎቹ ውስጥ «ካፈላሁት ምን ችግር አለው?» የሚል ሐሳብ አለ። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ የሳንባ ነቀርሳንና የብሩሴሎሲስን (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ተሕዋስያን ጨምሮ። በላሟ በኩል የገባ መድኃኒትንና የሻጋታ መርዝን ግን አያወጣም። ስለዚህ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከበረቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት የገዛሁት ወተት ስጥደው ተቆራርጦ ውኃው ለብቻው ቀረ። ሽታው ደህና ነበር። ሻጯ ውኃ ጨምራበት ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

ውኃ ወተቱን ያቀጥነዋል እንጂ እሳት ላይ አያቆራርጠውም። በብዛት ምክንያቱ አሲድ ነው። ወተት እንደታለበ አሲድነቱ ከ0.14 እስከ 0.18 በመቶ ገደማ ነው። ባክቴሪያ የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ሲለውጥ ቁጥሩ ይወጣል፤ ከ0.2 በመቶ ትንሽ እንዳለፈ ምላስ ገና ሳያውቀው እሳቱ ያጋልጠዋል። ማታ ታልቦ ሳይቀዘቅዝ ያደረ ወተት ከጠዋቱ ጋር ሲቀላቀል የሚሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እንገር ነው። ላሟ ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት ቀናት የምትሰጠው ቢጫማ ወፍራም ወተት ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ሙቀት ሲነካው ይረጋል። እሱ ለጥጃው ነው፤ ከሚሸጥ ወተት ጋር መቀላቀል የለበትም። የጡት በሽታ ያለባት ላም ወተትም እንዲሁ ይቆራረጣል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም ከመጣድዎ በፊት ሁለት ማንኪያ ብቻ በትንሽ ዕቃ ያፍሉ። መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ይህንኑ በአልኮል ይሠሩታል፦ 2 ሚሊ ሊትር ወተት ከ2 ሚሊ ሊትር 68 በመቶ አልኮል ጋር ያዋህዳሉ፤ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ፍርፋሪ ከታየ ወተቱ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የማኅበራችን ወተት ተቀባይ ነኝ። ላክቶሜትሩ (ወተት ውስጥ ተንሳፍፎ ውኃ መጨመሩን የሚጠቁመው መለኪያ) 25 አሳየና ወተቱን መለስኩት፤ አርሶ አደሩ ውኃ አልጨመርኩም ብለው ማሉ። ማን ልክ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

ወተቱ ስንት ዲግሪ ሙቀት ነበረው? ይህን ሳያውቁ መፍረድ አይቻልም። ንጹሕ ወተት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ26 እስከ 32 ያሳያል። ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ላክቶሜትሩ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከ20 በላይ ላለችው ለእያንዳንዷ ዲግሪ 0.2 ይደምሩ፣ ከ20 በታች ከሆነ ይቀንሱ። ወተቱ 27 ዲግሪ ከነበረ 25 ላይ 1.4 ሲደመር 26.4 ይሆናል፤ እኚህ ሰው ያለ ጥፋታቸው ተመልሰዋል ማለት ነው። 20 ዲግሪ ላይ ተለክቶ 25 ከሆነ ግን መጠርጠርዎ ተገቢ ነው።

አለካኩም ይወስናል። ገና እንደታለበ የመጣ ወተት አረፋ አለው፣ ቅባቱም ስላልጠጠረ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ከመቅዳትዎ በፊት በደንብ ያማስሉት፣ ላክቶሜትሩም የዕቃውን ግድግዳ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ቴርሞሜትር የሌለው ጣቢያ በላክቶሜትር ብቻ ሰውን ሌባ ማለት የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። አሥር በመቶ ውኃ ንባቡን በ3 ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ክሬሙ ሲገፈፍ ደግሞ ንባቡ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ክሬሙን ገፎ ውኃ የጨመረ ሰው ላክቶሜትሩን 29 ላይ ሊያቆመው ይችላል። ይህን የሚይዘው የቅባት ምርመራ ነው። በገርበር ዘዴ፣ በልዩ ብልቃጡ 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ይቀዳል፣ በላዩ ቀስ ብሎ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል። ተከድኖ ተወዝውዞ ለአምስት ደቂቃ በማሽን ይሽከረከራል፣ 65 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ይነበባል። አሲዱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ይህን ሁልጊዜ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ማድረግ አያስፈልግም፤ በዕጣ ጥቂት አቅራቢዎችን መመርመር ብዙ ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ከብቶቼን የምመግበው ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ወተቱን ይመርዛል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? (ከሰንዳፋ)

ፋጉሎ ራሱ መርዝ አይደለም፤ እርጥበት አግኝቶ ሲሻግት ነው አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የሚፈጠርበት። ላሟ ስትበላው በአንድ ቀን ውስጥ መልኩን ለውጦ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው፤ ሕፃናት ወተት አብዝተው ስለሚጠጡ የሚያሰጋው ይበልጡኑ ለእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ ይህ መርዝ ተገኝቶባቸዋል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በኪሎ 0.5 ማይክሮግራም ይፈቅዳል፤ ከዚያ ያለፉት 29 ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ወሰን ደግሞ ከዚህ በአሥር እጥፍ ይጠብቃል፤ ያንን ያለፈው አብዛኛው ናሙና ነው። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል።

መልካሙ ዜና ላሟ የተበከለውን መኖ ስታቆም ወተቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል። ፋጉሎውን በአንድ ጊዜ ብዙ አይግዙ። ጆንያውን መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ክረምት ሳይገባ ይድፈኑት። ጓጉሎ የተያያዘ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ዱቄት የሚታይበት ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ለምታለብ ላም አይሰጥም፤ ሻጋታውን ማራገፍ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት መርዙን አያወጣውም። ከኑግ ጋር ፉርሽካ ቢቀላቅሉ ድርሻው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ እርጎ እየሠራሁ እሸጣለሁ። የአንድ አቅራቢ ወተት በጭራሽ አልረጋ አለኝ። (ከቢሾፍቱ)

ምናልባት ላሟ ታክማ ይሆናል። እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ለፔኒሲሊን እጅግ ደካማ ናቸው፤ መድኃኒቱም ወተቱ በመፍላቱ ብቻ አይጠፋም። እንዲህ ይሞክሩ፦ የተጠረጠረውንና ሌላ የታመነ ወተት ለየብቻ ያፍሉ፣ ሁለቱንም ወደ 43 ዲግሪ ያቀዝቅዙ፣ እኩል እርሾ ጨምረው አንድ ቦታ ይክደኗቸው። የታመነው በስድስት ሰዓት ውስጥ ረግቶ ሌላው እንደ ወተት ከቀረ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

አርቢውን የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይጠይቁ። ወተት የሚከለከልበት ጊዜ ተጽፎበታል፤ ከመጨረሻው መርፌ ወይም በቱቦ ወደ ጡት ከሚገባው የመጨረሻ መድኃኒት ይቆጠራል። አንዱ ጡት ብቻ ቢታከምም የአራቱም ጡት ወተት ነው የሚከለከለው። ከብዙ አርቢ የሚሰበስብ ጣቢያ ላይ የአንዲት ላም ወተት ሙሉ በርሜል ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ቢጫ ጀሪካን ለምን ይከለከላል?

አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅም ብሩሽም አይገባም፤ ፕላስቲኩ ሲጫጫር ጭረቱ ውስጥ ቅባትና ባክቴሪያ ይደበቃል። ሰፊ አፍና ክዳን ያለው አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የታሸገ ወተት ቀኑ ሳያልፍ አብጦ አገኘሁት። ለማን ልናገር?

አይክፈቱት፣ አይጣሉትም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተበላሸ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ለገበያ ማቅረብን ይከለክላል። በ8482 ነፃ መስመር ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይደውሉ። ሲደውሉ የምርቱን ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የገዙበትን ሱቅ ይንገሩ፤ ማሸጊያውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩ። መለያ ቁጥሩ ከሌለ የትኛው ቀን ምርት ከገበያ መሰብሰብ እንዳለበት ማወቅ ይከብዳል።