አይጦችሽን አንድ ሳጥን ውስጥ አትክተቻቸው

ሰላም እህቴ። ስድስት አይጥ በአንድ ሳጥን፣ ስድስት በሌላ ሳጥን፣ ለአንዱ ቡድን የቅጠል ጭማቂ ሰጥቼ የአንጀታቸውን ባክቴሪያ ባወዳድር ይበቃል ወይ ብለሻል። አይበቃም። የኔም የማስተርስ ጥናት እንደዚሁ ስለነበር ልንገርሽ።

1. አይጥ የጓደኛዋን ሰገራ ትበላለች። አብረው የከረሙ አይጦች ባክቴሪያቸው እየተመሳሰለ ይሄዳል። ልዩነት ብታገኚ እንኳ ከጭማቂው ይሁን ከሳጥኑ በምን ታውቂያለሽ? ሁለት ሁለት አድርገሽ ብዙ ሳጥን ላይ በትኛቸው። ስትተነትኚም እያንዳንዱን አይጥ ሳይሆን ሳጥኑን እንደ አንድ ቁጠሪ።

2. ሁሉንም ከአንድ አርቢ ውሰጂ። የአንድ እናት ልጆችን ለሁለቱም ቡድን አካፍዪ። ቅንጦት እንዳይመስልሽ። በ2009 የኒውዮርክ ተመራማሪዎች ዘራቸው አንድ የሆነ አይጦችን ታኮኒክና ጃክሰን ከሚባሉ ሁለት አርቢዎች ወስደው ነበር። የታኮኒክ አይጦች አንጀት ውስጥ ያለች ክር መሳይ ባክቴሪያ የጃክሰን አይጦች ላይ አልተገኘችም። በእሷ ሰበብ ቲኤች 17 የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ብዛት ሳይቀር ተለያየ።

3. የእንስሳት ቤቱን ሰዎች በቃል አትመኚ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሁሉን ለይቼ፣ ሳጥኑ ላይ ጽፌ ለጥፌ አርብ ወጣሁ። ሰኞ ስገባ ኃላፊው «ቦታ ጠበበን» ብለው ቀላቅለዋቸዋል! ጭማቂ የወሰደውም ያልወሰደውም አንድ ሰጋቱራ ላይ ይተራመሳል። ብጮህባቸው ምን አሉኝ? «አይጥ አይጥ ነው። ጅራታቸው ላይ ቀለም አለ አይደል፣ ለይተሽ ውሰጂ።» ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር። አማካሪዬም «ዝም ብለሽ ቀጥዪ፣ ማን ያውቃል» አለኝ። እኔ ግን አውቃለሁ! አዲስ አይጦች በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ጭማቂውን ከመጀመሬ በፊት የየሳጥኑን ያደረ ሰጋቱራ እየቀላቀልኩ ለሁሉም መልሼ አከፋፈልኩ፤ መነሻቸው እንዲቀራረብ። ጥናቴን ለፈታኞች ሳቀርብ (ዲፌንስ ላይ) የውጭ ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሳጥን ነው። የሳጥኖቹን ሰንጠረዥ አወጣሁለት፣ ዝም።

ሰገራውን ከሰጋቱራ ላይ አትልቀሚ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አይጧን ይዘሽ በቀጥታ ቱቦው ውስጥ ተቀበዪ፣ በየሳጥኑ ጓንት ቀይሪ። ሰገራውን የምታስቀምጪበት ፍሪዘር ጀነሬተር ላይ መያያዙንም አረጋግጪ።

«ያለ ተመራማሪዋ ፊርማ ሳጥን አይነካም» የሚል ደብዳቤ በማኅተም አስወጥቼ በሩ ላይ ለጥፌ ነበር። ቅጂው አለኝ፣ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ።