አቤቱታ ይዘው የሄዱት ወታደሮች

ውድ ወጣቶች፣

በታሪክ መምህርነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ስለ አፍሪካ አገሮች ነፃነት የሚጠይቁኝ ተማሪዎች በአብዛኛው የመሪውን ስምና ባንዲራው የተሰቀለበትን ቀን ብቻ ይዘው ይመጡ ነበር። እኔም ለፈተና ይበቃቸዋል ብዬ በዚያው ያለፍኩባቸው ጊዜያት ዛሬ ይቆጩኛል። ስለዚህ አሁን ጋና ስለምንላት ስለ ጎልድ ኮስት ጥቂት ልጻፍላችሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዚያች ቅኝ ግዛት ልጆች በእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በደቡብ ኢትዮጵያ ዋደራ ላይ ከጣሊያን ጋር፣ ኋላም በበርማ ጫካ ከጃፓን ጋር ተዋግተዋል። በምድራችን ላይ የወደቁትን እነዚህን ሰዎች እምብዛም አለማስታወሳችን ያሳዝነኛል። አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው የኑሮ ውድነት፣ ሥራ አጥነትና ያልተፈጸመ ቃል ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948፣ ቅዳሜ ዕለት፣ መሣሪያ ሳይዙ አቤቱታቸውን ለገዥው ለማቅረብ አክራ ወደሚገኘው ወደ ክርስቲያንስቦርግ ግንብ ሲጓዙ ፖሊስ ተኩሶ ሳጅን አጄቴን፣ ኮርፖራል አቲፖንና ተራ ወታደር ኦዳርቴ ላምፕቴን ገደለ። ከተማዋም በአመፅ ተናጠች።

ይህ ደም በከንቱ ያልቀረው፣ በእኔ ግምት፣ ዓለም ስለተለወጠ ጭምር ነው። በ1945 ሌበር ፓርቲ ለንደን ላይ ሥልጣን ይዞ ነበር፤ በጦርነቱ ዕዳ የጎበጠችው እንግሊዝም በ1947 ህንድን ለቃ ወጥታለች። ስለዚህ አመፁን በኃይል ማፈን ብቻ አላዋጣትም፤ አጣሪ ኮሚሽን ላከች፣ ኮሚሽኑም የቅኝ ግዛቱ ሕገ መንግሥት እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረበ።

ይሁን እንጂ የተከፈተ በር ማንንም በራሱ አያስገባም። ጠበቆችና ነጋዴዎች የሚመሩት የተባበረው የጎልድ ኮስት ኮንቬንሽን የተባለው የፖለቲካ ድርጅት ቀስ በቀስ መሄድን መረጠ። ዋና ጸሐፊው የነበረው ክዋሜ ንክሩማህ ግን በጁን 1949 ተለይቶ፣ ወጣቶችንና የገበያ ሴቶችን አስተባብሮ፣ ራስን ማስተዳደር ዛሬውኑ የሚል ፓርቲ መሠረተ። በ1950 ዓመፅ አልባ ትግል በመጥራቱ ታሰረ፤ በፌብሩዋሪ 1951 ግን እስር ቤት እያለ ተመረጠ፤ ፓርቲውም ከ38ቱ በምርጫ ከሚያዙ መቀመጫዎች 34ቱን አሸነፈ። ገዥው አርደን ክላርክም ከእስር አስፈትቶ መንግሥት እንዲመራ ጠራው።

ነፃነቱ እስከ ማርች 6 ቀን 1957 ድረስ ስድስት ዓመት ወሰደ፤ በመካከሉም የአገሪቱ አንድ ክፍል የሆነችው አሻንቲ ፌዴሬሽን ጠይቃ ሌላ ምርጫ እስከ ማካሄድ ተደርሷል። ስለ ጋና ስታጠኑ ከባንዲራው ሳይሆን ከዚያች ቅዳሜ ጀምሩ፤ አቤቱታውን የያዙት ሰዎች ምን እንደጠየቁም ፈልጉ።